መጽሐፉ ውስጥ የሌለው መጨረሻ

የዕረፍት ደወል ሊደወል ነው፤ እንግዳው ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ጋዜጠኛዋ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ቆማ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ብታማትር ዝር ያለ ሰው የለም። ክፍሉ ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አሁን ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፤ ጠረጴዛው ላይ ማይክሮፎንና ቁልፎቹ የተላላጡ የድምፅ ማሽን አሉ። ከማሽኑ የተነሳው ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ሜዳው ዳር ምሰሶ ላይ ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ጋር ይገናኛል።

«ጋዜጠኛዋ» ተማሪዎች ያወጡላት ስም ነው። «አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?» የሚለውን የማክሰኞ ፕሮግራም ያሰበችውም፣ ታግላ ያስፈቀደችውም፣ የምታቀርበውም እሷ ናት። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር እየመጡ በእጃቸው ስላለው መጽሐፍ ያወራሉ። ፕሮግራሙ አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ እሱንም በገዛ እጇ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች፦ «ያላነበቡትን ማውራት ክልክል ነው።» በዚህ ሥራዋ ትኮራለች፤ ኩራቷንም አትደብቅም።

«እኔ ልግባ?» አለች ኩኩ፣ ትርፉ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች።

ኩኩ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። መንገድ ላይ ያየችውን ነገር ማውራት ከጀመረች ሰሚው ሁሉ ወዴት እየሄደ እንደነበር ይጠፋዋል። መጽሐፍ ይዛ ግን ጋዜጠኛዋ አንድም ቀን አይታት አታውቅም።

«አንቺ ደግሞ ምን እያነበብሽ ነው?»

«ትሰሚው የለ።»

ደወሉ ተደወለ። ምርጫ አልነበራትም፤ ማይክሮፎኑን ወደ ኩኩ ገፋችው።

«እያነበብኩ ያለሁት ‹የማዶው ጀልባ› የሚባል መጽሐፍ ነው» አለች ኩኩ።

ጋዜጠኛዋ ክው አለች። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚህች ደቂቃ የእሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በእግር ሲሄዱ ያነበበችውን ለኩኩ ስትተርክላት ሰንብታለች። አሁን ኩኩ ያንኑ ትረካ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ እያሰማች ነው፦ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው አሻጋሪ ጀልባ አለው፤ አንድ ምሽት ብቻውን ወደ ማዶ ይሻገርና ሳይመለስ ይቀራል፤ ሴት ልጁ በሁለተኛ ጀልባቸው መቅዘፊያውን ይዛ የአባቷን ሥራ ትረከባለች። አንዳንዱ ቃል እንኳ ከጋዜጠኛዋ አፍ የወጣው ራሱ ነው።

ጋዜጠኛዋ የጀልባው ገመድ በማዕበል ከተበጠሰበት ገጽ አላለፈችም ነበር። ስለዚህ ኩኩ ገመዱ ጋ ስትደርስ ያልቅባታል ብላ ጠበቀች። ኩኩ ግን ገመዱን በጥሳ አለፈች።

በመስኮት ሲታይ ሜዳው ቀስ በቀስ እየተለወጠ ነበር። የሚሯሯጡት ቆሙ። የስምንተኛ ክፍሉ በረኛ ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙሮ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ኳሷ በአጠገቡ ተንከባልላ ጎል ገባች፤ ጎል ብሎ የጮኸ ግን አልነበረም። ኩኩ ልጅቷን በማዕበሉ ውስጥ አሻግራ ማዶ አደረሰቻት። አባትየው እዚያው ዳርቻ ላይ አለ። ጀልባው ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ስለተሰባበረ በለቀመው እንጨት ሌላ ሲሠራ ከርሟል፤ አንዲት ሳንቃ ብቻ ቀርታዋለች። ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«መጣሽ? እኔ እኮ እየመጣሁ ነበር» አለች ኩኩ በአባትየው ድምፅ፤ ማይክሮፎኑንም ወደ ጋዜጠኛዋ መለሰችው።

ጭብጨባው ከሜዳው እስከ ክፍሉ ተሰማ። የሚኒ ሚዲያው ክበብ ኃላፊ የሆኑት የቋንቋ መምህርት እየተጣደፉ መጡና ኩኩን እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነው ብለው አቀፏት፤ በወላጆች ቀን ይህንኑ መጽሐፍ መድረክ ላይ እንድታቀርብም አዘዟት። በረኛው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፉን ጠየቀ። ጋዜጠኛዋ ጋ እንዳለ ሲነገረው ፈልጎ አገኛትና ስትጨርስ ለማንም እንዳትሰጥበት፣ ተራው የእሱ እንደሆነ አስጠነቀቃት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ጋዜጠኛዋ ያመቀችው ሁሉ ገነፈለ። ሕጉን ማን እንዳወጣው እያወቀች፣ ያውም እሷ ፊት፣ ያውም በእሷ መጽሐፍ! ደግሞስ ከገመዱ በኋላ ያለውን ከየት አመጣችው?

ኩኩ አልካደችም። ከገመዱ በኋላ ያለውን እንደማታውቅ፣ ጋዜጠኛዋ ታሪኩን እዚያ ላይ ስታቋርጥባት ልቧ ተንጠልጥሎ ስለቀረ ከታናሽ እህቷ ጋር ልብስ ሲያጥቡ መጨረሻውን ራሷ ፈጥራ እንደነገረቻት ተናገረች። መጽሐፍ ጨርሳ አታውቅም። ስታነብ መስመሮቹ ይደበላለቁባታል፤ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ፈተና የምታልፈውም ክፍል ውስጥ በጆሮዋ በያዘችው ነው።

«አንቺ ስትነግሪኝ ግን በዓይኔ አይቼው የመጣሁ ነው የሚመስለኝ» አለች፤ ከዚያ ወደ ሰፈሯ ታጠፈች።

ጋዜጠኛዋ ቅዳሜን ሙሉ መጽሐፉን ስታነብ ዋለች። መጨረሻው ላይ አባትየው አይገኝም። ልጅቷ ጀልባዋን ሸጣ ከተማ ትገባለች፤ አለቀ። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ያሳዝናል፤ እውነትም ይመስላል። ጋዜጠኛዋ ግን መጽሐፉን ከዘጋች በኋላም ያቺን የቀረች ሳንቃ ስትፈልግ ራሷን አገኘችው። ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። በምትኩ ልቧ እብጥ አለ። በመስኮት ብቅ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ «ይሄን የፈጠረችው የኔ ጓደኛ ናት» ማለት አማራት።

ወዲያው በረኛው ትዝ አላት። እሱ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ዕለት ኩኩ መሳቂያ ትሆናለች። መጽሐፉ ጠፋብኝ ማለት ይቻላል። የመመለሻውን ቀን እያራዘሙ ዓመቱን መግፋትም ይቻላል። ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ኮሪደር ላይ አስቁመው መጽሐፉ እሷ ጋ እንዳለ መስማታቸውን ነገሯትና መጨረሻው እንዲያ የሚያምር መሆኑን ጠየቋት።

«ያምራል፣ ቲቸር» አለች።

አልዋሸችም፤ እውነቱንም አልተናገረችም።

ማታ ሲለቀቁ ኩኩን ባዶ ክፍል አስገብታ ‹የማዶው ጀልባ›ን ፊቷ አስቀመጠች፤ ከጎኑ ማስመሪያ። ነገ እውነቱን ትናገሪያለሽ፣ አሁን ደግሞ ታነቢያለሽ አለቻት።

«ሼም ነው እኮ። ይስቁብኛል።»

«ቢስቁም አብሬሽ ነኝ። ከመጽሐፉ መጨረሻ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው አንቺ የፈጠርሽው ነው። ሰው የማን እንደሆነ ይወቀው።»

ኩኩ ብዙ ካንገራገረች በኋላ ማስመሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገች። ከሌላው መስመር ሁሉ የሚነበበው ብቻ እንዲታያት ጋዜጠኛዋ የላይኛውን በእጇ ሸፈነችላት። ኩኩ ትጀምራለች፣ ትሳሳታለች፣ ትመለሳለች፣ ላቧን ትጠርጋለች። ሁለት ጊዜ መጽሐፉን ገፍታ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። ጋዜጠኛዋ ቃሉን ቀድማ ላለመናገር ከንፈሯን ነክሳ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ይዛ ገብታ እስክታስወጣቸው ድረስ እንዲሁ ቆዩ።

ማክሰኞ፣ ማይክሮፎኑ ሲከፈት፣ ያቺ ወሬ የማያልቅባት ልጅ ድምፅ አጣች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጋዜጠኛዋን አየቻትና «አንቺ በይው» የሚል ምልክት በአገጯ ሰጠቻት።

«ባለፈው ማክሰኞ የሰማችሁት መጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አለች ጋዜጠኛዋ። «መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኩኩ ግማሹን ከእኔ ነው የሰማችው። ከገመዱ በኋላ ያለውን ሁሉ የፈጠረችው ራሷ ናት። የፕሮግራሙን ሕግ አፍርሳለች፤ እኔም አውቄ ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ።»

ሜዳው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ አፏጨ፣ ሌላው «ውሸታም!» አለ። መምህርቷ በሩ ላይ ደርሰው ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆሙ። በረኛው ግን ሜዳውን አቋርጦ መስኮቱ ጋ መጣና አንገቱን አስገባ።

«እና አባትየው አይገኝም?»

«መጽሐፉ ላይ አይገኝም።»

«አቦ፣ የኩኩ ይሻለኛል። ቢሆንም ተራዬ እንዳይነካ፤ እኔም ላየው እፈልጋለሁ» አለና ወደ ጎሉ ተመለሰ። ድምፁ በማይክሮፎኑ አልፎ ስለነበር ሜዳው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ኩኩ የፈራችው ዓይነት አልነበረም።

ጋዜጠኛዋ ወደ ኩኩ ዞረች። «እንግዲህ እንደ ማንኛውም እንግዳ ልጠይቅሽ። አሁን ምን እያነበብሽ ነው?»

ኩኩ አልመለሰችም። ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው እስትንፋሷ ብቻ ሆነ። አቅራቢ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲገጥመው ሙዚቃ ይለቃል፤ የጋዜጠኛዋም ጣት ሳታስበው ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። የኩኩን ፊት አየች። ከዚያ ጣቷን አንስታ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ዝምታው እንዳለ በሜዳው ላይ ይሂድ ብላ ተወችው።

«‹የማዶው ጀልባ›ን» አለች ኩኩ በመጨረሻ። ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ኋላ ግን ወፈረ። «ገጽ አራት ላይ ነኝ። በራሴ።»