ለየኔታ የሚነበበው ገጽ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በቀትር ውሃ አታስቀዳንም ነበር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወንዝ ዳር የሚቀመጡ አሉ ትለን ነበር፣ እኔ ግን እልህ ይዞኝ ሆን ብዬ በቀትር ወርጄ እግሬን ታጥቤ እመለስ ነበር፣ ምንም የነካኝ የለም። ካደግኩም በኋላ ሰው ስለ ዛር ስለ ቡዳ ሲያወራ ክሬን መርፌ ውስጥ እያስገባሁ በልቤ የምስቅ ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ሱቅ አለችኝ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምሰፋው፣ በሜትር ያልለካሁትን አላምንም። አሁንም አምናለሁ ማለቴ አይደለም፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የጀመረው አባቴ ሲሞት ነው። ለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ "እስቲ አባታችሁን እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን" ሲሉን እኔም ወንድሞቼም ከአያታችን ማለፍ አቃተን፣ ሰው ፊት አፈርን። ያን ጊዜ ነው የቤተሰቤን ታሪክ ጽፌ ላስቀምጥ ብዬ የተነሳሁት። ወረቀት ላይ ላደርገው ነበር፣ ከሱቄ ትይዩ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሙባረክ ግን "ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ድረ ገጽ ሥሪለት፣ ዘመድ ሁሉ ባለበት ሆኖ ያነበዋል" አለኝ። እኔ ኮምፒውተር ማብራት እንኳ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ፈልጎ አመጣልኝ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲልለት እየመጣ ያሳየኛል፣ ታጋሽ ሰው ነው፣ አንዱን ነገር ደጋግሜ ብጠይቀው አይሰለችም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሠራን፣ ከላይ ስሙ፣ ከስሩ የተወለደበት አገርና የወለዳቸው ልጆች፣ ከዚያ ስለሱ የሚወራው። "እስኪያልቅ ድረስ ኢንተርኔት ላይ አናወጣውም" አለኝ። "እስከዚያ እዚሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ካንቺ በቀር የሚያየው የለም።" ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ዘር መቁጠር የሚችል የቀረን ሰው የአባቴ አጎት የኔታ ይትባረክ ናቸው። ጋሳይ ነው የሚኖሩት፣ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ጎረቤታቸው እትዬ ማሬ ምግብ ታቀርብላቸዋለች። ሄጄ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፣ በስልኬ ቀድቼ ተመለስኩና ሱቄ ውስጥ፣ በደንበኛና በደንበኛ መሀል፣ በሁለት ጣት ፊደል እየለቀምኩ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የኔታ ደወሉ።

"አለምነሽ፣ ሥራሽ ደስ ይላል፣ ተባረኪ" አሉኝ። "አንድ ስህተት ግን አለበት። አያትሽን ከእብናት መጣ ብለሻል። ከአንበሳሜ ነው የመጣው፣ እብናት የሚስቱ አገር ነው።"

"አርመዋለሁ የኔታ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ፣ ገጹን ስከፍተው እውነትም እብናት ብዬ ጽፌያለሁ፣ አረምኩት፣ ከዚያ እጄ እዚያው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። እኚህ ሰው በምን አወቁ። መልሼ ደወልኩ።

"የኔታ፣ ማን ነገረዎት?"

"ልጅቷ ናታ የምታነብልኝ" አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። "ቀትር ቀትር ላይ እየመጣች።"

የሰፈር ተማሪ በስልኳ አግኝታው ነው ብዬ ወደ ሙባረክ ሮጥኩ፣ ሳናውቀው ወጥቷል አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ በአንድ አየው። "አልወጣም እህቴ" አለኝ። "ካንቺ ማሽን ንቅንቅ አላለም። ለሽማግሌው በአፍሽ ነግረሻቸው ረስተሽው ይሆናል።" እኔም እሺ አልኩ፣ እመኑኝ፣ ሰው ማመን የሚፈልገውን ሲነግሩት እሺ ለማለት አይቸግረውም።

ከዚያ የበሬው ነገር መጣ። የአባቴን ገጽ ስጽፍ፣ የስፌት መኪናዬን ሊገዛልኝ ከጥማዱ አንዱን በሬ የሸጠ ቀን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ በበሩ ቀዳዳ ማየቴን ጻፍኩ። ይሄን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፣ ለወንድሞቼም ቢሆን። ጽፌ ሳነበው የአባቴን እንባ አደባባይ ማስጣት መሰለኝ፣ ሴቭ እንኳ ሳላደርገው አጠፋሁት። በማግስቱ በቀትር ስልኬ ጮኸ።

"የበሬውን ነገር ለምን አጠፋሽው?" አሉኝ የኔታ። "አባት ለልጁ ቢያለቅስ ነውር አይደለም። መልሺው።"

የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፣ ከኋላዬ የሚያዳምጠኝ ሰው ያለ መሰለኝ።

ሙባረክ ስነግረው ሳቀ። "ነገ በቀትር እኛው እንደውልላቸዋ፣ ላውድ ላይ አድርገን" አለ። "የምታነብ ልጅ ካለች እንሰማታለን፣ ከሌለችም ይለይልሻል።"

በማግስቱ ዝናብ ነበር፣ የደብረ ታቦርን ነሐሴ ታውቁት የለ፣ ቀትሩም ምሽት ይመስላል። የሙባረክን ሱቅ በር ገርበብ አድርገን፣ ላፕቶፑን ከፍተን፣ ደወልን። የኔታ አነሱና "ቆይኝማ፣ እያነበበች ነው" ብለው ስልኩን ከጎናቸው ሳያስቀምጡት አልቀረም፣ ድምፃቸው ራቀ። መጀመሪያ የሰማነው ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ብቻ ነው፣ የኛው ይሁን የሳቸው አይለይም። ጎንበስ ብለን ጆሯችንን ስልኩ ላይ ደፋን፣ ያን ጊዜ ከዝናቡ ስር የሴት ድምፅ መጣ። ታነባለች። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው እንደሚያነበው፣ ቃል በቃል፣ በጣቷ እየተከተለች የምታነብ ነው የሚመስለው። "የአያቴ... ታናሽ... ወንድም..." ትላለች። ሙባረክ ስክሪኑን አየ፣ እኔም አየሁ፣ ተከፍቶ የቆመው ገጽ ላይ ያለው ቃል ነው። ወደ ታች አወረደው፣ ንባቡም ወረደ። ወደ ላይ መለሰው፣ ንባቡም ተመለሰ። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነው።

ዝም አለች።

ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሙባረክ እጁ ክዳኑ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየና መልሶ ከፈተው፣ ካቆመችበት ቃል ላይ ቀጠለች።

"አዑዙ ቢላህ" አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ብዙ አየኝ። "አለምነሽ፣ ይሄ ድምፅ ያንቺ አይደለም እንዴ?"

ሰው የራሱን ድምፅ አያውቀውም፣ በስልክ ተቀድቶ ሲሰማው የሌላ ሰው ነው የሚመስለው፣ እኔም አላወቅኩትም፣ አይደለም ለማለት ግን አልደፈርኩም። እሷ እያነበበች ገጹ የሚያልቅበት ደረሰች፣ ከዚያ በታች ባዶ ነው፣ የጻፍኩት ነገር የለም። አላቆመችም። ባዶውን ማንበብ ቀጠለች። ዝናቡ በረታና ቃሉን መለየት አቃተን፣ አንድ ሁለት የሰው ስም ጆሮዬ ገባ፣ የማላውቃቸው ስሞች ናቸው፣ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ሙባረክ ላፕቶፑን ከድኖ በሻሽ ጠቀለለና አስታቀፈኝ። "ይዘሽው ሂጂ እህቴ፣ አላህ ይጠብቅሽ" አለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያቺን ላፕቶፕ በእጁ ነክቷት አያውቅም።

ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ጋሳይ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ከጉና ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ስለነበር የሚነዳው፣ ስደርስ ቀትር ሆኗል። እትዬ ማሬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ የየኔታ በር ፊት ለፊቷ ነው።

"እትዬ ማሬ፣ ለየኔታ የምታነብላቸው ልጅ የማን ናት?" አልኳት።

"የምን ልጅ?" አለችኝ። "ከኔ በቀር እዚያ ቤት የሚገባ የለም፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አልተነሳሁም። ብቻቸውን ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፣ 'እሺ፣ ቀጥዪ' ይላሉ፣ ይስቃሉ። እርጅና ነው፣ ተያቸው፣ ደስ ብሏቸዋል።"

ገባሁ። የኔታ መደባቸው ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ወደ በሩ ዞሯል።

"አልተገናኛችሁም?" አሉኝ፣ ገና ሰላም ሳልላቸው። "አሁን ገና ነው የወጣች።"

ያ ቤት በሩ አንድ ነው፣ መስኮትም የለው፣ እኔ ደግሞ የገባሁት በዚያው በር ነው። ከፊታቸው ባለችው በርጩማ ልቀመጥ ብዬ እጄን ጫን ባደርግ ሞቃለች፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው ሲቀመጥባት እንደዋለች። ቆሜ ቀረሁ።

"የኔታ፣ ማን ናት?"

"ስሟን አልጠየቅኋትም። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ድምጿን ሰምቼ አለምነሽ ብዬ ጠራኋት። 'አይደለሁም፣ ግን የናንተው ነኝ' አለችኝ። የኛው ከሆነች ሌላ ምን እጠይቃታለሁ?"

"ከቤታችን ሳትቆጠር የቀረች ሴት ነበረች?"

"ሳይቆጠር የቀረ የሌለበት ቤት አለ?" አሉ። "በክፉ ቀን መንገድ ላይ የቀረ፣ ሳይጠመቅ የሞተ፣ አገር ጥሎ የጠፋ። ሰባት ቤት ብለን ስንቆጥር የምንቆጥረው የወለደውን ነው። ያልወለደውን ማን ይቆጥረዋል።"

ይሄን ሲሉ እኔን ማለታቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጅ የለኝም።

"ዛሬ ያንቺን ጀምራልኝ ነበር" አሉ ቀጥለው።

"የኔን ምን?"

"ያንቺን ገጽ።"

የኔ የሚባል ገጽ አልሠራሁም፣ ሐሳቡም አልነበረኝ፣ እስከዚያ ቀን የጻፍኩት የሞቱትን ብቻ ነው። "ምን ይላል?" አልኩ፣ ድምፄ የኔ አልመስልሽ አለኝ።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉት፣ ሲያገኙት ጥብቅ አድርገው ያዙት።

"አጭር ነው" አሉኝ።

"አጭር ማለት?"

"አጭር ማለት አጭር ነው ልጄ። ሂጂና ጻፊ።"

ለመንኳቸው፣ ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስኩ፣ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው፣ ግንባሬን ዳብሰው ሸኙኝ።

ላፕቶፑን ወንዝ ልጥለው አስቤ ነበር፣ ከነገጼ ብጠፋስ ብዬ ፈራሁ። በስሜ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ምን እንደሚጻፍበት ስለማላውቅ ሁሉን እጽፋለሁ፣ ለማን ምን እንደሰፋሁ፣ ማን ሱቄ ገብቶ ምን እንዳለኝ፣ እንዲያውም ለመጻፍ ስል ብቻ የማደርገው ነገር አለ፣ አንበሳሜ ድረስ ሄጄ አያቴ ያደገበትን ቀዬ አየሁ፣ ለዓመታት ሳንነጋገር የኖርነውን ታናሽ ወንድሜን ቤቱ ሄጄ ይቅር ተባባልን፣ ማታ ሁሉንም አሰፈርኩት። ሰው ምን ነካሽ ይለኛል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ።

ትናንት መብራት ጠፍቶ ዋለ፣ የላፕቶፑም ባትሪ አልቆ አንድ ፊደል አልጻፍኩም። በቀትር የኔታ ደወሉ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ እትዬ ማሬ ገበያ ወርዳ ብቻቸውን እንደሆኑ ነገሩኝ፣ ከዚያ "ዛሬስ ብዙ አነበበችልኝ" አሉ።

ስለ ምን አላልኳቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም፣ እንዲያው ዝም ብለን ይዘነው ቆየን፣ ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ንባብ ሊጀምር የተዘጋጀ ሰው እንደሚያደርገው። የኔታ አልነበሩም፣ የሳቸውን አውቀዋለሁ።