ከሃዊ በስተኋላ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ጓደኞቼ ይመስክሩ፣ አሁንም ይህን ሳወራችሁ ራሴን እየታዘብኩ ነው፣ ግን ምን ላድርግ፣ የሆነው ይሄ ነው።

መቱ ውስጥ በትርፍ ጊዜዬ፣ ያለ ክፍያ፣ የሴት ልጆች ቡድን እመራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫካ ይዘናቸው እንወጣለን፣ ድንኳን መትከል፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን እናስተምራቸዋለን። ያን ቀን ዘጠኝ ልጆች ይዤ ያዮ ጫካ ገባሁ፣ አብራኝ የምትመራው ልጅ ታማ ቀርታለች፣ እኔም መቅረት ነበረብኝ፣ አልቀረሁም። አስር ሰዓት ላይ ስንመለስ ጉሙ ድንገት ወረደብን፣ እመኑኝ፣ የዘረጋሁት እጄ አልታይ አለኝ። ረጅሙን ገመድ አውጥቼ ሁሉንም አስያዝኳቸው፣ እኔ ከፊት፣ የአስራ ሁለት ዓመቷ ሃዊ መጨረሻ ላይ፣ ከእሷ የተረፈው ገመድ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

ጥቂት እንደሄድን ገመዱ ከበደኝ። ቁጥቋጦ ያዘው ብዬ ሳብ ሳደርገው መልሶ ሳበኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ሰው። ወዲያው የሃዊ ድምፅ ተሰማኝ፣ «ሱታ ዴሚ» ትላለች፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ ማለቷ ነው፣ ሕፃን እንደምታባብል አድርጋ።

«ሃዊ፣ ማንን ነው የምታናግሪው?»

«ከኋላዬ ያለችውን ነው እትዬ፣ ተረከዜን እየረገጠችኝ።»

«ከኋላሽ ማንም የለም!»

«እንዲህ አይበሉ እትዬ፣ አለቀሰች» አለችኝ።

ለቅሶውን እኔም ሰማሁት፣ እውነቴን ነው፣ ቀጭን፣ ቅርብ። ሄጄ ማየት ነበረብኝ፣ መሪ ነኝ፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። የልጆቹን ስም እየጠራሁ፣ እነሱም አቤት እያሉ፣ ገመዱን እየጎተትኩ ዋናው መንገድ ላይ ወጣን፣ ልክ አስፋልቱን ስንረግጥ ገመዱ ባንዴ ቀለለና ልደፋ ነበር። መንገዱ ላይ ጉሙ ሳሳ ብሏል፣ ዞር ስል ሃዊ ወደ ጫካው እጇን ታውለበልባለች።

ዘጠኙንም በሰላም ለወላጆቻቸው አስረከብኩ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ያዮ ሄደን አናውቅም፣ በጠራራ ፀሐይ እዚሁ መቱ ዳርቻ ስንሄድ እንኳ ሃዊ መጨረሻ ካልሆንኩ ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ፣ ዛሬስ ከፊት ከእኔ ጋር ነሽ ብዬ እጇን ያዝኳት።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየችና፣ «እትዬ፣ እሷስ ከማን ጋር ትሁን?» አለችኝ።

እጇን ለቀቅኩት።