ወደ ቤት ሲመለስ የሚያብደው ፈረስ

ቶሎ የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ሌላም ስም አላት፤ ግን በዚያ ስም የምትጠራት እናቷ ብቻ ናት፣ እሱም ስትቆጣ። «ቶሎ» ያሏት ሁሉን ነገር በጥድፊያ ስለምታደርግ ነው። ስትበላ ትጣደፋለች፤ ስታጠና ትጣደፋለች። ስትጸልይማ ገና ከመሃል ላይ «አሜን» ትላለች። ከመካከላችሁ እንደሷ የሚያደርግ አለ? እጅ አውጡ አላልኩም። ዝም ብላችሁ ስሙ።

ቶሎ የምትኖረው ከከተማው ድልድይ ማዶ፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤት ነው። አባቷ አናጺ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። አያቷ ድሮ በፈረስ ደብዳቤ የሚያደርሱ ፖስተኛ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን የሚያገድመውን ሁሉ ያርማሉ።

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ፣ ጋጣው ውስጥ፣ ሻለቃ አለ። ሻለቃ ወታደር አይደለም፤ ፈረስ ነው። ሆዱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ቡናማ ፈረስ። ይህን ማዕረግ ያገኘው ሲራመድ ደረቱን ስለሚነፋ ነው።

ቶሎ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ እናቷ የሰፋችውን ልብስ ይዛ በሻለቃ ላይ ትወጣለች። ድልድዩን ተሻግራ ለየደንበኛው ታደርሳለች። አያቷ ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው።

«ስትሄጂ ከፈለግሽ ሶምሶማ። ስትመለሺ ግን በእርምጃ ብቻ!»

«ለምን አያቴ?»

«ፈረስ ቤቱን ይወዳላ! ቤቱ ድርቆሽ አለ፣ ዕረፍት አለ። አንድ ቀን ሮጦ እንዲገባ ከፈቀድሽለት፣ በማግስቱ አያስፈቅድሽም።»

ቶሎ «እሺ» አለች። አፏ ነው እሺ ያለው።

አንድ ማክሰኞ፣ ልብሱን አድርሳ ስትመለስ፣ የሰፈር ልጆች ገመድ ሊዘሉ ሲሰበሰቡ ከድልድዩ ላይ ሆና አየቻቸው። ካልደረሰች ተራ ሊያልፋት ነው። ሻለቃ ደግሞ እንደ ሕጉ ቀስ ብሎ ይራመዳል።

«ለዛሬ ብቻ» አለች ለራሷ።

ልጆች፣ ይቺን «ለዛሬ ብቻ» የምትባል ነገር ተጠንቀቋት። ነገም ትመጣለች።

ቶሎ በተረከዟ ጎኑን ነካ አደረገችው። ሻለቃ መጀመሪያ አላመነም። ዞር ብሎ አያት፤ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚል ይመስላል። ደግማ ነካችው። ያን ጊዜ ሽምጥ ጋለበ! ጋማው ተበተነ፤ የቶሎ ሻሽ ወልቆ በረረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ተንደርድራ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ ሳታያት ከስኳሩ ጣሳ ጭብጥ ሙሉ ስኳር አውጥታ ለሻለቃ ሰጠችው። ሻለቃ መዳፏን ላሰ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ላሰ፤ ክርኗንም ላሰ።

በማግስቱም «ለዛሬ ብቻ» ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ።

«ኧረ ይሄ ስኳር ምን እየበላው ነው?» አለች እናቷ ጣሳውን እያንቀጫቀጨች።

«አይጥ ይሆናል» አለ አባቷ። አናጺ ስለሆነ ወዲያው የአይጥ ወጥመድ ሠራ። የሚያምር ወጥመድ ነበር፤ መስኮት ሁሉ አለው። በሳምንት ውስጥ የያዘው ግን የአባቷን አውራ ጣት ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ።

ቶሎ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጣት ላለማየት ወደ ጋጣው ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት ሻለቃ ሌላ ፈረስ ሆነ። ሲሄድ በየእርምጃው በረጅሙ እየተነፈሰ፣ ሐኪም ቤት እንደሚወስዱት በሽተኛ ይጎተታል። ሲመለስ ግን ድልድዩን ገና ሲያይ ጆሮው ይቆማል፣ አንገቱ ይቆለመማል፤ ልጓሙን እያኘከ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል። ቶሎ የልጓሙን ገመድ፣ ዛቡን፣ ብትስብ፣ ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ እሱ እቴ! አንድ ቀን እንዲያውም ሳትነካው ተነሥቶ በረረ። በጣም ፈራች። ለአያቷ ልትነግራቸው አሰበች። ግን ከነገረቻቸው ስለ ሩጫው ይጠይቃሉ፤ ከሩጫው ወደ ስኳሩ፣ ከስኳሩ ወደ አውራ ጣቱ ይደርሳሉ። ስለዚህ ሳትነግራቸው ቀረች።

በዚያው ሳምንት እሑድ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ከደረጃ ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። የቶሎ አባት አይቶ አዘነለት።

«መምህር፣ ዛሬ ምሳ እኛ ጋ ነዎት። በእግርዎ አይሄዱም፤ ሻለቃ ላይ ይውጡ። እንደ በግ የዋህ ነው።»

ቶሎ የአባቷን እጅጌ ያዝ አደረገች። «አባዬ…» አለች።

«ምነው?»

«ምንም።»

ያ መምህር ማን ይመስላችኋል? አትሳቁ። እኔ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ሻለቃ በግ ነበር። ከድልድዩ በኋላ በጉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ጆሮው ቀጥ ሲል አየሁ። «ምን አየህ?» ብዬ ልጠይቀው ስል መሬቱ ከሥሬ ሄደ። «ቀስ!» አልኩት። «ቆይ እንጂ!» አልኩት። ኋላ ላይ የምለው ሲጠፋኝ አንገቱን አቅፌ ዐይኔን ጨፈንኩ። የቶሎ አባት ከኋላ እየሮጠ «ዛቡን ይሳቡ!» ይላል። የትኛውን ዛብ? ዛቡ ቀድሞኝ ሄዷል!

አንዲት ጎረቤት ከመንገዱ ዳር ገመድ ላይ አንሶላ አስጥታ ነበር። ሻለቃ ከገመዱ ሥር አለፈ። እኔ ከገመዱ ጋር ተጋጠምኩ። አንሶላው ከራሴ እስከ እግሬ አለበሰኝ። ሴትዮዋ ከበራፏ ላይ ሆና ነጭ ነገር በፈረስ ሲበርር ስታይ፣ መልአክ የመጣላት መስሏት በጉልበቷ ወደቀች።

«መጣህልኝ?» አለች እጇን ዘርግታ።

«እትዬ፣ ያስቁሙልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሻለቃ ጋጣው በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። ደግነቱ ፊት ለፊት የድርቆሽ ክምር ነበር። ከውስጡ ጎትተው ሲያወጡኝ አንድ ጫማ ብቻ ነበረኝ።

የቶሎ አባት እያለከለከ ደረሰ፤ ቶሎም ከኋላው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን ነካው ይሄ ፈረስ? ቶሎ፣ አንቺ ነሽ የምትጋልቢው፤ እንዲህ አድርጎ ያውቃል?»

ቶሎ መሬት መሬት አየች። «አያውቅም። ን… ንብ ነድፋው ይሆናል።»

አያቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ንቧ የነደፈችበትን ቦታ ፍለጋ ሻለቃን ከጆሮው ጀምረው እስከ ወገቡ መረመሩት። ጭራውንም አንሥተው አዩ። ሻለቃ ዞር ብሎ በትዝብት ተመለከታቸው።

«ንብ የለም» አሉ አያቷ፣ ቶሎን ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

«ንብ ኖረ አልኖረ፣ ሰው የሚገድል ፈረስ ቤቴ አይኖርም» አለ አባቷ። «አንድ የማውቀው ጡብ ሰሪ ፈረስ ይፈልጋል። ነገ መጥቶ ይውሰደው።»

በዚያ ቀን ምሳ ላይ ቶሎ እንጀራዋን ሳትነካ ተነሣች። እኔም አየኋት፤ ግን ለቁርጭምጭሚቴ ነው ያዘነችው ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጡብ ሰሪው መጣ። እጁም ጫማውም ቀይ አፈር ለብሷል። የሻለቃን ጥርስ አየ፤ ሰኮናውን አነሣ፤ ሆዱን መታ መታ አደረገ።

«ጥሩ ነው። ሩጫ ይወዳል አላችሁኝ? ችግር የለም። እኔ ጋ ከጠዋት እስከ ማታ ጡብ ሲጎትት ሩጫውንም ይረሳል፣ ስሙንም ይረሳል።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሥራው እንደዚያ ስለሆነ ነው የተናገረው። ሻለቃ ግን የሚነገረው ነገር አልገባውም። አንገቱን ዘርግቶ በአፍንጫው የቶሎን ኪስ ይፈትሽ ነበር። ስኳር መኖሩን ያውቃል፤ እሷንም ያምናታል። ትንፋሹ እጇን አሞቃት። ቶሎ ከዚያ በኋላ መቻል አቃታት።

«እሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ! በየቀኑ እያስሮጥኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ! ስኳር እየሰጠሁ ያስለመድኩት እኔ ነኝ! አይጧም እኔ ነኝ! ንቧም እኔ ነኝ!»

አባቷ ቀስ ብሎ አውራ ጣቱን አየ። እናቷ አፏን በመሀረብ ያዘች፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አይታወቅም።

ጡብ ሰሪው ባርኔጣውን አደረገ። «እኔ የመጣሁት ፈረስ ልወስድ ነው፤ ሕፃን ሳስለቅስ መዋል አልችልም። ከተቸገራችሁ ላኩብኝ» ብሎ ሄደ።

አባቷ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ሻለቃ አፍ የለውም» አላት። «‹እኔ አይደለሁም› ማለት አይችልም። ይህን እያወቅሽ ጥፋትሽን በሱ ላይ አላከክሽ።»

«ይቅርታ አባዬ» አለች ቶሎ፣ ዕንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። ከዚያ ዞር ብላ ለፈረሱም «ይቅርታ» አለችው።

«አንድ ወር ስጠኝ» አሉ አያቷ ለልጃቸው። «ያስለመደችውን ራሷ ታስረሳዋለች።»

ትምህርቱ ማክሰኞ ተጀመረ። አያቷ ወንበራቸውን ድልድዩ ጫፍ ድረስ አስመጡ።

«ጆሮው ቀጥ ሲልና ሲቸኩል አትጎትቺው፣ አትቆጪው። አዙረሽ ወደ መጣሽበት ውሰጂው። ሲረጋጋ እንደገና ወደ ቤት። ሲቸኩል እንደገና ወደ ኋላ። መቸኮል ከቤት እንደሚያርቀው ይግባው።»

ቀላል ይመስላል አይደል? ሻለቃ አሥር እርምጃ ሄዶ ቸኮለ። አዞረችው። አምስት እርምጃ ሄዶ ቸኮለ። አዞረችው። ድልድዩ አጠገብ ጸጉር አስተካካይ አለ። ቶሎ በበሩ ላይ ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ ስታልፍ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ጸጉሩ ግማሽ የተቆረጠ ደንበኛም ተከትሎት ወጣ።

«የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ጠፋብሽ እንዴ?»

«አልጠፋብኝም ጋሼ። ያውና፣ ሰማያዊው በር።»

«ታዲያ ለምን አትገቢም?»

«ፈረሱ ገና አልተማረም።»

ግቢ ሲገቡም ድርቆሽ ወዲያው አይሰጠውም። ኮርቻው ሳይወርድ ግቢውን ይዞራል፤ እንደገና ወጥቶ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆሞ ያርፋል፤ ከዚያ ነው የሚበላው። ስኳር ደግሞ ጭራሽ የለም።

በአምስተኛው ቀን ቶሎ ተስፋ ቆረጠች። «አይሆንም አያቴ! ይቸኩላል!»

«እሱ ብቻ አይደለም የሚቸኩለው። ትከሻሽን እዪው፣ ጆሮሽ ሥር ገብቷል። ዛቡን አንቀሽዋል። ትንፋሽሽንም ይዘሻል። አንቺ ስትጨነቂ እሱ አውሬ የመጣ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ዘምሪ። እየዘመርሽ ትንፋሽ መያዝ አትችይም።»

ቶሎ መዝሙር ጀመረች፤ ግን በራሷ ፍጥነት። የመዝሙሩን አራት ቤት ድልድዩን ሳትሻገር ጨረሰችው። ሻለቃም ከመዝሙሩ ጋር ሮጠ። «ቀስ!» አሉ አያቷ ከወንበራቸው። ቀስ አለች። ቃሉን ሳብ አደረገችው፤ እጇን አላላች፤ ትከሻዋ ወረደ። ያን ጊዜ የሻለቃ አንዱ ጆሮ ወደሷ ዞረ። አንገቱ ዝቅ አለ። በረጅሙ ተነፈሰ፤ ቶሎም ተነፈሰች። ሠላሳ እርምጃ በሰላም ሄዱ። ልጆች፣ ሠላሳ እርምጃ! ቶሎ በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ ሄዳ፣ እንዲህም ደስ ብሏት አያውቅም።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ጸጉር አስተካካዩ መዝሙሩን በቃሉ ያዘው። በዜማው ልክ ስለሚቆርጥ አንድ ራስ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር፤ ደንበኞቹም አጉረመረሙ።

በዚያ መካከል ቶሎ እኔ ጋ መጣች። «መምህር፣ አንሶላ ያለበስኩዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አለችኝ። ከልቤ ይቅር አልኳት። ምሳ ስትጠሩኝ ግን በእግሬ ነው የምመጣው አልኳት።

ወሩ ሲያልቅ አባቷ ራሱ ሊፈትነው ተነሣ። ሻለቃን ጋልቦ ሚስማር ሊገዛ ከተማ ሄደ። የተመለሰው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ረኃቡ ጠንቶበታል። ሻለቃ ድልድዩን ተሻገረ። ጆሮው ለስላሳ፣ አንገቱ ዝቅ ያለ፣ እርምጃው እንደ ሽማግሌ። አባቷ ደስ አለው። ግን የሆዱ ነገር አላስችል ሲለው «በል እንግዲህ፣ ትንሽ ፈጠን በል» ብሎ ጎኑን ነካው።

ሻለቃ ቆመ። አሰበ። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ድልድዩ ተመለሰ።

«ወዴት ነው? ቤቱ በዚህ ነው!» አለ አባቷ። መለሰውና እንደገና ነካው። ሻለቃ እንደገና ዞረ። በሦስተኛው ጊዜ ቶሎ ከበሩ ላይ ሆና እየሳቀች ጮኸች።

«አባዬ፣ የሚቸኩል ሰው ቤት አይገባም ብሎህ ነው! ትከሻህን አውርድ፣ ተንፍስ!»

አባቷ እያጉረመረመ ተነፈሰ። ሻለቃም ተነፈሰ። ቀስ፣ ቀስ ብለው ሰማያዊው በር ደረሱ። ምሳው በርዷል። አባቷ ወርዶ የሻለቃን ግንባር አሸ፤ ቶሎንም በሌላ እጁ አቅፎ ወደ ደረቱ አስጠጋት።

«ይሄ ፈረስ የትም አይሄድም» አለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስናጠፋ ጥፋታችንን መናገር በማይችል ላይ አንጣል፤ እውነቱን ተናግረን፣ ያበላሸነውን በራሳችን እጅ በትዕግሥት እናስተካክል።