ወደ ሐይቁ የገባሁበት ቀን

ያኔ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች በየዓመቱ ሽርሽር እንወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ከአዳማ ተነስተን፣ በሞጆና በመቂ አድርገን ባቱ ወረድን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁሉም ወደ ጀልባዎቹ ሮጠ፤ እኔ ከነዊልቸሬ ግራር ሥር ቀረሁ። ጭኔ ላይ የሰው ቦርሳና ጃኬት ተከመረ። በልጅነቴ መኪና ከገጨኝ ወዲህ በሄድንበት ሁሉ ዕቃ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ።

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ አንድ ባለጀልባ ወደ እኔ መጣ።

«እህቴ፣ አንቺስ አትሄጂም?»

«በምን እግሬ?»

«ተሸክሜ ላስገባሽ?»

«አይሆንም!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠነከረ። «ሰው ሲሸከመኝ፣ መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ነው የምደርሰው።»

ይቀየመኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን አየ። ዞረና፣ «ታዲያ እንዴት መግባት ነው የምትፈልጊው?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቀና ብዬ ዓይኖቹን አየሁ።

ስሙ ያቤጽ ነበር። ስልክ ተለዋወጥን። ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስወጣ ይደውላል። እኔ ስለ ወንበሬ ስፋት፣ እሱ ስለ ጀልባው መወዛወዝ እናወራለን፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ሰሞን።

ከዳርቻው ጀልባው ድረስ የሚዘረጋ ሳንቃ ሠርቶ ጠራኝ። እናቴ አብራኝ መጣች። መሃል ላይ ስደርስ ጀልባው ሸሸ፣ ሳንቃው ተንሸራተተ፣ ከነወንበሬ ውሃ ውስጥ ወደቅኩ።

«ኢንታላ ኮ! ልጄን!» እናቴ ጮኸች።

ውሃው ጥልቅ አልነበረም። ያቤጽ ወዲያው አወጣኝ። እናቴ በነጠላዋ እያደረቀችኝ፣ «ልጄ መለማመጃህ አይደለችም!» አለችው። አንገቱን ደፋ።

አዳማ ስንመለስ፣ «ጂቱዬ፣ ያዘነልሽን ሰው ወደደኝ ብለሽ እንዳትሳሳቺ» አለችኝ። ቃሏ ልቤ ውስጥ ገባ። ሲደውል አላነሳ አልኩ። በኋላ እሱም መደወሉን ተወ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ክረምቱ ሲወጣ አላስቻለኝም። ለእናቴ የት እንደምሄድ ነገርኳት፤ ዊልቸሬን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ለብቻዬ ባቱ ሄድኩ።

ያቤጽ ዳርቻው ላይ ብረት ይበይድ ነበር። ግራና ቀኝ መደገፊያ ያለው፣ ጀልባውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ሰፊ መወጣጫ። ሲያየኝ እጁ ቆመ።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኩት።

«ሌላም ሰው ይመጣል ብዬ...» አለና ተወው። «ዋሸሁ። ላንቺ ነው።»

«አዝነህልኝ?»

«ያዘንኩት ለራሴ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስልኬን ሳይ ከረምኩ።»

በገዛ እጄ ጎማዬን እየገፋሁ ጀልባው ላይ ወጣሁ። ሐይቁ መሃል ሞተሩን አጠፋው። ከሩቅ ጉማሬ ተነፈሰ። እስከዚያ ከዳር ያየሁት ውሃ ከበበኝ፤ እጄን ነከርኩበት። ያቤጽ ውሃውን ሳይሆን እኔን ያይ ነበር።

«ታገባኛለህ?» አልኩት።

«ይሄን እኮ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ!»

«ዘገየህ።»

እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩና ልንጋባ እንደሆነ ነገርኳት።

«አልወደቅሽም?»

«አልወደቅኩም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ይላክ» አለች።

አሁን የምንኖረው ባቱ ነው። በዊልቸርም በክራንችም የሚመጡ እንግዶች ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይደውሉልናል፤ ጀልባችን ባዶ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። ደስ ይለኛል፤ ግን ሐይቁ ላይ ሁለታችን ብቻ የነበርንበት ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ያቤጽ ያውቅብኛል። አንዳንድ ቀን ከሰዓት ለደወለው ሁሉ «ዛሬ ሥራ የለም» ይልና ሁለታችን ብቻ እንገባለን። መሃል ላይ ሞተሩን ያጠፋል። እኔ እጄን ውሃው ውስጥ እነክራለሁ።