የመቃብሩ በር ዘበኛ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔም በዚህ ጨለማ ብቻዬን እንደምንም ደረስኩ። በሩ ተቀርቅሯል? እስቲ ደግማችሁ እዩት።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። ስኮትላንድ በሚባል የብርድ አገር፣ ባሕር ዳር፣ አሥራ ስምንት ጭስ ያላት መንደር ነበረች። አሥራ ስምንት ቤት ብቻ! ሁሉም የሁሉንም ሳል ያውቃል። ያቺ መንደር አንድ ልማድ ነበራት። መጨረሻ የተቀበረ ሰው አያርፍም። ምን ያደርጋል? የመቃብር ቦታውን በር ይጠብቃል። እስከ መቼ? ሌላ ሞቶ እስኪተካው።

ፈርገስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ እናቱ ማይሪ ሞተችበት። በዚያው ዕለት ባለወፍጮውም ሞተ። ሁለት ሬሳ ባንድ ቀን! ቀባሪዎቹ አስከሬን ተሸክመው ተሽቀዳደሙ። ቀድሞ የገባ ያርፋላ! የባለወፍጮው ሰዎች በአንድ ክንድ ቀደሙ፤ ማይሪ በር ላይ ቀረች።

የበረዶው ወራት ገባ። የሞተ ሰው የለም። ፈርገስ አንጀቱ አረረ። «እናቴ ውጭ ቆማ እኔ እሳት እሞቃለሁ?» እያለ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ሽማግሌው ዳንከን ላይ ጣለ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዋል።

«አባባ ዳንከን፣ ሳሉ እንዴት አደረ?»

«ደኅና ነው። ምነው አንተ ግን ተመላለስክ?»

«ለጤናዎ ብዬ ነው።»

«ለጤናዬ ነው ወይስ ለሬሳዬ?» አሉና በሩን ዘጉበት።

ፈርገስ «ሆን ብሎ ነው የማይሞተው!» ብሎ ጠረጠረ። መንደሩ ደግሞ እሱን ጠረጠረ። ሲገባ ሾርባቸውን ይከድኑ ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነዋ!

አንድ ሌሊት በረዶው ባሰ። ፈርገስ አልቻለም። የእናቱን የሱፍ ሻል ይዞ ወጣ፣ ሊያለብሳት። ብቻውን። ወደ መቃብሩ ሲኬድ ወንዝ ላይ ለመሻገሪያ የተጋደመችው ጣውላ በረዶ ለብሳለች። አዳለጠው፤ ወደቀ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ። ከዚያ ብርዱ ተወው፤ ተነሥቶ ሄደ። ለምን ተወው? እሱ አልጠየቀም። እናንተስ ጠየቃችሁ?

በሩ ጋ መጀመሪያ ነጭ ነገር አየ። ቀጥሎ የበሩን ብረት የያዘ እጅ። ቀጥሎ የእናቱን ፊት።

«እማዬ፣ ሻልሽን አመጣሁልሽ።»

«ምነው ባልመጣህ ልጄ!» አለች እያለቀሰች።

«አይዞሽ፣ አባባ ዳንከን ዛሬ ነገ ናቸው። ይተኩሻል።»

«እሳቸው አይደሉም። ተተኪዬ ታውቋል።»

«ማን ሞተ? ደወል አልሰማሁም!»

«ዞር በልና የመጣህበትን እይ።»

ዞረ። ጨረቃ ወጥታለች። ከጣውላዋ እስከ በሩ በረዶው ልስልስ ብሎ ተኝቷል። ዱካ የለም። አንድም! እጁን አየ፤ ሻሉም የለም። ሻሉ ወንዙ ዳር፣ አንድ የተጋደመ ሰው እጅ ውስጥ ነበር።

«ነገ ያገኙሃል፣ ልጄ። ከነገ ወዲያ ይቀብሩሃል» አለችና ቦታዋን ለቀቀችለት።

ዳንከንስ? ስድስት ዓመት ኖሩ! በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሌላም ሰው አልሞተም። ጠዋት ጠዋት በመቃብሩ በር ሲያልፉ ይስሉና «ፈርገስ፣ ሳሉ ደኅና አድሯል!» ይሉ ነበር።

እናንተም በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም ዞር እያላችሁ ዱካችሁን እዩ። ለመሆኑ... እኔ ስመጣ፣ ደጅ ጭቃው ላይ ዱካዬን ያየ አለ?