ግራው ክንፍ ይረዝማል

በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

በገመድ የሚጎተተው ባቡር ከቫሬዜ ወደ ቅዱሱ ተራራ መውጣት ጀመረ። ጫፍ እስኪደርስ መውረጃ የለም።

ኤርሜስ በአውሮፕላን ፋብሪካው ሞተር ገጣጣሚ ነው። ለሚሰልልላቸው እንግሊዞች ደግሞ «መርፌ»። ከጎኑ የተቀመጠው የፋብሪካው ንድፍ አውጪ ቱሊዮ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ጭኑ ላይ ጣል አደረገለት።

«ብላ፣ ወንድሜ። ሚስቴ ናት የላከችልህ።»

ኤርሜስ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ከዳቦው ሥር የአዲሱ ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ አለ። ለንደን ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ትልቁ የጀርመን ሞተር በአሮጌው የጣሊያን አካል ላይ ይገጥማል? ከገጠመ አውሮፕላኖቹ በሚያዝያ ይበርራሉ። ካልገጠመ ዓመት ይፈጃል።

ክንፎቹን አየ።

እኩል ናቸው።

ሞተሩ ሲሽከረከር አውሮፕላኑን ወደ ግራ ስለሚያጋድለው የግራው ክንፍ ከቀኙ በስንዝር ይረዝማል። ይህን የፋብሪካው ጠራጊ እንኳ ታውቃለች። ቱሊዮ ለዓመታት የሳለውን ክንፍ አይስትም። ንድፉ የፖሊስ ወጥመድ ነው፤ ስህተቱን ግን ቱሊዮ ሊያስጠነቅቀው ብሎ አስገብቶታል። ከኋላ ጋዜጣ የዘረጉት ሁለት ሰዎች ገጽ ከገለጡ ቆይተዋል። ለንደን እዚህ የአህያ ባል ናት፤ ከጅብ አታስጥልም።

«ሙሽራይቱስ?» አለ ኤርሜስ። በሁለቱ የምስጢር ቋንቋ ሙሽራይቱ ሞተሩ፣ ቀሚሱ የአውሮፕላኑ አካል ነበር።

«የእናቷ ቀሚስ ልክክ አለላት! አንድ ስፌት አልተፈታም።» ቱሊዮ ሳቀ። ከዚያ በከንፈሩ ብቻ፣ «ይዘውኛል። ቅደማቸው። ጩህብኝ።»

«አላደርገውም።»

«ሁለታችንም ከምንሞት? ጅል አትሁን!»

ጣቢያው ታየ።

ኤርሜስ ተነስቶ በጥፊ አጮለው።

«ያዙልኝ ይሄን ከሃዲ! የፋብሪካ ምስጢር ሊያሸክመኝ ነው!»

ጋዜጦቹ ወደቁ። ቱሊዮ ከንፈሩ እየደማ ሰደበው፤ እናቱን ሳይቀር። አሳምሮ ሰደበው። ከሰዎቹ አንዱ የኤርሜስን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ።

«ጎበዝ! አገር ወዳድ እንዲህ ነው።»

መልእክቱ ለንደን ደረሰ፦ ሞተሩ ገጥሟል።

ቱሊዮን ረሸኑት።

ኤርሜስ ወዲያው ቢጠፋ ይጠረጠራል። ስለዚህ ቀረ፤ ፋብሪካው ሲሸልመውም ሠራተኞቹ እያጨበጨቡለት ቆመ። ሲወጣ የቱሊዮ ሚስት ኦርኔላ የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችው። ፊቱ ላይ ተፋችበት።

«ከገበታዬ ጎርሰህ!» አለችው። «በእጄ አጉርሼህ!»

አንድ ቃል ሊነግራት ፈለገ። ያ ቃል ግን እሷንም ያስገድላት ነበር። ፊቱን ጠርጎ አለፋት።

በወሩ በሌላ ስም ባቡር ተሳፈረ። ኦርኔላ እስክትሞት ድረስ ኤርሜስን ስትረግም ኖረች። ኤርሜስ የሚባል ሰው ግን መጀመሪያም አልነበረም።