እንጃ ላይ ያለው ድንጋይ

«እንግዶች ሆይ፣ ስሙኝ! ዛሬ አንሶላ ይሰጣል!»

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ይህን ያወጁት ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ጦር የሚያዘምቱ ይመስል ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ የታሪክ መምህሩ፣ አንሶላ የሚታደል መስሎት ሊቀበል ወረደ። ግቢው ውስጥ ገመድ ተወጥሮ ነጭ ጨርቅ ሲንጠለጠል ሲያይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሻይ ጠየቀ። ጋራው ላይ ጠብታ ከወረደ ሳምንታት አልፈው ነበርና አንሶላው ሁሉ እስከ ቀትር ደረቀ።

በማግስቱ ጠዋት ከነዚያው አንሶላዎች አንዱ ሬሳ ሸፈነ።

ሟቹ «ባለካርታው» የሚባሉት አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው ይህንኑ ጋራ ለክተው ካርታ ያነሱ ቀያሽ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያንን አሮጌ ካርታ ቱቦ ውስጥ ጠቅልለው፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር «የድሮውን አገር ልየው» ብለው መጡ። አሁን ቱቦው ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ ባዶውን፣ ገደል ሥር ተገኙ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ መኪናቸውን ቁልቁል አዙረው አቁመዋል። የሟቹን የእህት ልጅ ይዘው ሊወርዱ ነው፤ ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለቻ!

«ትንሽ ቆዩ» አለች መርማሪዋ። ጉልበቷን ስለሚያማት ገደሉን ከታች ሆና አየችው። አንዱን ፖሊስ ወደ ላይ ላከችና ራሷ መመገቢያ ክፍሉ ገብታ ወንበር ጠየቀች።

መጀመሪያ የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ ቀረቡ።

«ልጅቷ ናት» አሉ ሳይጠየቁ። «‹ብቻህን ከወጣህ እኔን እንደሞትኩ ቁጠረኝ!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጎት ላይ እንዲህ ይጮኻል?»

«እርስዎ ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«የት እሄዳለሁ? አንሶላ ሳጥፍ ነዋ! ብቻዬን። ማን አለኝና!»

«ልጅቷስ?»

«እንጃ።»

መርማሪዋ መደርደሪያውን አየች። ሰፋፊዎቹ አንሶላዎች ጥግ ከጥግ ገጥመው፣ ጠርዛቸው በቢላ የተቆረጠ ይመስል ተደርድረዋል። ከበላያቸው የሴትዮዋ አባት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሥሩ «ባዶውን ጋራ ያቀና» የሚል ተጽፏል።

ቀጥሎ ሬሳውን ያገኘው መንገድ መሪ ገባ። «ፍየሉ» ነው የሚሉት።

«ለምን ፍየሉ አሉህ?»

«ገደል ስለምወጣ ነው። ሚስቴ ግን በጢምህ ነው ትለኛለች።»

«ለምን አብረሃቸው አልወጣህም?»

«‹መንገዱን የሳልኩት እኔ፣ አንተ ማንን ልትመራ ነው?› አሉኛ! በቃ ተውኳቸው። ሳይመለሱ ሲቀሩ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ፤ ቀዩ ቋጥኝ ሥር አገኘኋቸው።»

«ፎቶው ሥር ‹ባዶውን ጋራ› ይላል። እዚህ ድሮ መንደር አልነበረም?»

ፍየሉ ጢሙን አሻሸ። «እንጃ።»

«መቃብርስ?»

«እንጃ እቴ!»

የታሪክ መምህሩ ሲገባ ብብቱ ሥር ወፍራም ወረቀት ይዞ ነበር።

«መጽሐፌ ነው» አለ። «ማተሚያ ቤት ሊገባ ስለሆነ የመጨረሻውን እርማት ይዣለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም።»

«ስለምን ነው መጽሐፉ?»

«የዚህ ጋራ ታሪክ ነው። የእትዬ አባት እስኪመጡ ድረስ ሰው ያልረገጠው መሬት እንደነበር ያስረዳል።»

«የባለካርታውን ካርታ አይተውታል?»

«በዓይኔም አላየሁት! እንደ ሕፃን ታቅፈውት አይደል የሚዞሩት?»

«እንዴት የወደቁ ይመስልዎታል?»

«እንጃ ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነው፤ ያንሸራትታል። ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም።»

«ለእኔም አይሆንም» አለች መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች፣ ወደ ልጅቷ ክፍል ስትሄድ።

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ተዘግቷል፤ ወደ እስር ቤት ምን ይዞ እንደሚኬድ አታውቅም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ካርታው ላይ፣ ከዚህ ቤት ጀርባ፣ መንደር አለ። ጋሼ የመንደሩን ነገር ለሁሉም ሊናገር ነበር። ‹ተው፣ ይጠሉሃል፤ ቢያንስ ብቻህን አትውጣ› አልኩት።»

«ካርታው የለም።»

«ጋሼ ሁሌ ሁለት ነው የሚይዘው።» ከሻንጣዋ ሌላ ቅጂ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችው።

ቡናማ መስመሮች ጋራውን እንደ እንጨት ቀለበት ከበውታል። ከማረፊያው ጀርባ ጥቃቅን ጥቁር ካሬዎች አሉ፤ ቤቶች ናቸው። ፈንጠር ብሎ የመቃብር ምልክት ይታያል። መስመሮቹ የሚተፋፈጉበት ገደል አናት ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል አንድ ስም ተጽፏል። መርማሪዋ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበች።

ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «ይህንንማ ለማንም አይናገርም ነበር። ወጣት ሳለ፣ ጓዙን የተሸከመለትን ሰው ‹ይህ ቦታ ምን ይባላል?› ሲለው ‹እንጃ› አለው። ጋሼ ጻፈው፣ ታተመ። የአገሩ ሰው ቀዩ ቋጥኝ ነው የሚለው። ‹እንጃ› የሚባል ቦታ ከዚህ ወረቀት በቀር የትም የለም።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ከእትዬ ጋር አንሶላ ሳጥፍ። ይጠይቋቸው።»

«ጠይቄያቸዋለሁ።»

ወደ ላይ የተላከው ፖሊስ እያለከለከ ተመለሰ። «ጋራው ሁሉ እንደ አጥንት ደርቋል። ቋጥኙ ላይ ብቻ ምንጭ ነገር ያንጠባጥባል። እላዩ ካልቆሙ ግን አይታይም።»

መርማሪዋ ሁሉንም መመገቢያ ክፍሉ ሰበሰበች። ከመደርደሪያው ትልቁን አንሶላ ስባ ዘረገፈችው።

«እትዬ፣ እስኪ ይህችን አጥፈው ያሳዩኝ፤ እንደ ትናንቱ።»

ባለቤቷ ሁለት ጫፍ ይዘው ቀሩ፤ ሌላው ወለሉን ጠረገ። ልጅቷ ሳታስበው ብድግ ብላ ያኛውን ጫፍ አነሳች። ወጠሩት፣ አራገፉት፣ ተጠጉ፣ ራቁ፣ ጥግ ከጥግ ገጠመ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። አጥፈው ሲጨርሱ ባለቤቷ እጃቸውን አዩና ቀሉ።

«ብቻዎን አልነበሩም» አለች መርማሪዋ። «የዋሹኝ ልጅቷ ብትታሰር ካርታውም አብሮ የሚሄድልዎ መስሎዎት ነው። ሁለታችሁ እዚህ ስታጥፉ የጓሮውን በር የሚያይ አልነበረም። መምህር፣ ገደሉ አናት ያለው ቦታ ስሙ ማን ነው?»

«እኔ... እንጃ።»

«ትክክል! ካርታው ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ጠዋትም ‹እንጃ ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነው› ብለውኛል።»

ፍየሉ ጢሙን ለቀቀ። መምህሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«‹እንጃ፤ ላይ ያለው ድንጋይ...› ነው ያልኩት። አላውቅም ማለቴ ነው እኮ!»

«አላውቅም የሚል ሰው መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። እርስዎ አልወሰዱም። ግን ይሁን፣ እንዳሉት ይሁን። ሳምንታት ሙሉ ዝናብ የለም። ላይ ያለው ድንጋይ እርጥብ መሆኑን ከግቢ ሳይወጡ በምን አወቁ? ወይ ካርታውን አንብበዋል፣ ወይ ድንጋዩን ረግጠዋል። የትኛውን ልጻፍ?»

መምህሩ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ፖሊሱ ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደው። ከገጾቹ መሃል ቡናማ መስመር ያለበት ወረቀት ታጥፎ ወጣ።

«ላቃጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ» አለ መምህሩ። «መጽሐፉ እስኪወጣ ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። ካርታውን ልቀማ ስታገላቸው ገፋኋቸው።» ከዚያ ድንገት ጮኸ። «ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ? እናንተ የነገራችሁኝን ነው የጻፍኩት! እዚህ ሰው ይኖር እንደነበር የማያውቅ አለ?»

ፍየሉ መስኮቱን አየ። ባለቤቷ የታጠፈውን አንሶላ እንደገና ማስተካከል ጀመሩ።

«እንጃ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«የሁላችሁም አድራሻ አንድ ነው ማለት ነው» አለች መርማሪዋ።

መኪናው መምህሩን ይዞ ወረደ።

ሬሳው ከምርመራ ሲመለስ ልጅቷ አንድ ነገር ለመነች። «ጋሼ መቃብራቸውን ከሳለላቸው ሰዎች ጋር ይቀበርልኝ።»

«እዚህ መቃብር የለም፣ ልጄ» አሉ ባለቤቷ።

«እንግዲያው ከቤቱ ጀርባ የትም ይሁን።»

መርማሪዋ ለቀብሩ መጥታ ነበር። ጉልበቷ አላራምድ ስላላት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተመለከተች። ከቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ሣር ብቻ ነው፤ ድንጋይም ምልክትም የለውም። ፍየሉ አካፋ ይዞ ከፊት ሄደ፤ ሬሳውን የተሸከሙት ተከተሉት። የልብስ ገመዱን እስኪያልፉ ቀጥ ብለው ሄዱ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው በአንድ መስመር ሆኑ። ወደ ግራ ታጠፉ፤ ትንሽ ሄደው ወደ ቀኝ፤ መርማሪዋ ጣቷን ካርታው ላይ በጥቁሮቹ ካሬዎች መሃል አብራ አስኬደች። አንዱ ቦይ እንደሚሻገር ሰው እርምጃውን አሰፋ። ከኋላው ያለውም እዚያው ላይ አሰፋ።

መጨረሻ ላይ ባለቤቷ መጡ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ምንም የሌለበትን ሣር ዞረው አለፉ።